በኮምቦልቻ ሥራ እንዴት ይፈጠራል?

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ኮምቦልቻ ትገኛለች። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ ስለነበረች ንግዱም ቢሮውም የቆየ ነው። ኮምቦልቻን ግን ያሳደጋት መንገድ ነው። በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ወደብ የሚወርደው መንገድ ከሰሜኑ ዋና መስመር የሚገነጠለው እዚህ ነው።

ስለ ከተማዋ ሥራ ፈጠራ ሲወራ አብዛኛው ሰው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ይጀምራል። እኔ ከጋራዡ መጀመር ይሻለኛል። ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ኮምቦልቻ ላይ ያድር ነበር፤ ይጠገንም ነበር። ጎሚስታው፣ ብየዳው፣ መለዋወጫ ሱቁ፣ ብረት በማሽን እየቀረጸ ዕቃ የሚያወጣው ቶርኖ ቤቱ የዚያ ገበያ ልጆች ናቸው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ገበያው ቀዘቀዘ። ሙያው ግን ከተማዋ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚያቀናው ጭነትና ደረቅ ወደቡ ከፊሉን ሥራ መልሰውላታል።

ቶርኖ ቤት ገብቶ ላየ ሰው ፈጠራ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ግልጽ ነው። የገጠር ወፍጮ ጊር ጥርሱ ሲረግፍ ባለቤቱ ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ባለሙያው በካሊፐር ይለካል፣ የተረፉትን ጥርሶች ይቆጥራል፣ የጎደሉትን ያሰላል። ከዚያ ከከባድ መኪና አሮጌ አክስል የተቆረጠ ብረት ይመርጣል። ጠንካራ ብረት ስለሆነ ይመረጣል። ቶርኖ ላይ ክብ አድርጎ ያወጣውና ጥርሱን በሚሊንግ ማሽን ይከፍታል። ንድፍ የሚባል ወረቀት የለም፤ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ዕቃው ለምን እንደተሰበረ ስለገባው ውፍረቱን ጨምሮ ይሠራዋል። ይህ ማሻሻያ በሕግም ቦታ አለው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለሌላ አምስት ዓመት ይራዘማል። ግን ወፍጮ ቆሞበት ደንበኛ በር ላይ እየጠበቀው ማን ማመልከቻ ይጽፋል?

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ጨርቃ ጨርቁ፣ የቢጂአይ ቢራ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት የሚያመርተው ኮስፒ ከተማዋን የፋብሪካ ከተማ አስብለዋታል። በላያቸው ላይ ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ75 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ነው። ዋና ትኩረቱ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ልብስና ጨርቅ ሆነ። ለወጣቱ ደመወዝ አመጣ፣ ሰዓት ማክበርንም አስተማረ። ለአካባቢው ነጋዴ የደረሰው ግን በአብዛኛው የቤት ኪራይና የምግብ ገበያ ነው። ጨርቁም ዚፑም አዝራሩም ከውጭ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ፣ ተሰፍቶ መልሶ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ ስትሰፋ የከረመች ልጅ ደግሞ ከፓርኩ ወጥታ የራሷን ልብስ ስፌት ልክፈት ብትል፣ ሱሪ መቁረጥን እንደ አዲስ መማር አለባት።

2014 ሁሉንም አናጋው። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ፓርኩም አልቀረለትም። በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። ለአሜሪካ ለሚሰፋ ፋብሪካ ይህ ሁለተኛ ምት ነበር።

ሥራ ፈጠራን የሚደግፉ ተቋማት በቁጥር አያንሱም። በ1999 የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ያደረገው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የሚጠራው ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ አላት። የእነዚህ ኮሌጆች አንዱ ሥራ ጠቃሚ ማሽን ቀድቶ፣ አሻሽሎ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ማሸጋገር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ናሙናው ብዙ ጊዜ ኤግዚቢሽን ላይ ሪባን ተቆርጦለት ግቢ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ለዓመታት የትንሹ ሰው አበዳሪ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነበር፤ አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል። ቤትና መሬት የሌለው ወጣት በቡድን ዋስትና ይበደራል። አምስት ሆነው ይፈርማሉ፤ አንዱ ከጠፋ አራቱ ይከፍላሉ። ስለዚህ ቡድን ሲመሠረት የሚመረጠው ባለሙያው ሳይሆን የማይጠፋው ነው። ወሎ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ወለድ አይነካም። ብድሩ ቢመቻችለትም አይወስድም። ከ2013 ወዲህ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ መጀመራቸው ለዚህ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ በጊዜ የሚከፈል አድርጎ ይሸጥለታል። ለስፌት ማሽን ወይም ለብየዳ ማሽን የተመቸ ነው። ለደመወዝና ለኪራይ የሚሆን ጥሬ ብር ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። እሱን ክፍተት የሚሸፍነው ዕቁብ ነው። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ሱቅ ይከፍታል፤ መጨረሻ የደረሰው ቆጣቢ ሆኖ ይቀራል። ዕጣውን ለቸገረው የሚለቅ ሰውም አይጠፋም።

መሥሪያ ቦታም አለ። ከተማው በዝቅተኛ ኪራይ ሼድ ይሰጣል፤ ሲያድጉ ለተተኪ መልቀቅ ግዴታ ነው። ያደገ ግን የሚሄድበት ቦታ ስለማያገኝ ያላደገ ለመምሰል ይሞክራል።

የሚቀረው ትልቁ ነገር ትስስር ነው። ቢራ ፋብሪካው ወይም ጨርቃ ጨርቁ የሚያስፈልገውን ተራ መለዋወጫ ከሰፈሩ ቶርኖ ቤት ቢገዛ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ውጭ ምንዛሪም ይተርፋል። በስብሰባ ሁሌ ይነሳል፣ ሁሉም ይስማማል። ፋብሪካው ግን የቫት ደረሰኝ ይፈልጋል፤ አሥሩም ዕቃ አንድ ዓይነት ልክ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሂሳቡንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ነገ ብረት የሚገዛው ዛሬ በተከፈለው ብር ነው።