ውኃም ባይኖርስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከእኛ እምነት ውጭ ካለ መጽሐፍ ልጀምር ነው። አትደንግጡ። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ሲሰብክ የአገሩን ባለቅኔዎች ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)።

ሂንዱዎች ብራህማና የሚሏቸው መጻሕፍት አሏቸው። በሳንስክሪት የተደረሱ፣ ከ2500 ዓመት በላይ የቆዩ፣ ቬዳ በሚሏቸው ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍታቸው ያለው ሥርዓተ መሥዋዕት ማብራሪያዎች ናቸው። እሳቱ እንዴት ይነድ፣ ቅቤው መቼ ይፍሰስ፣ ለምንስ እያሉ ይተነትናሉ። በመሐል አፈ ታሪክ ያስገባሉ። የሰው ልጆች አባት የሚሉትን ማኑን ከጥፋት ውኃ ያዳነው ዓሣ የሚገኘው ከእነርሱ በአንዱ፣ በሻታፓታ ብራህማና ነው። ዓሣው ከአማልክታቸው አንዱ ቪሽኑ ነው የተባለው በኋላ ዘመን ነው። (ይህን ከኖኅ ጋር እያያያዙ ቴሌግራም ላይ የሚጨቃጨቁ ልጆች አሉ። ለዛሬ እንለፋቸው።)

እኔን የያዘኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ቦታ ነው። በጥንቷ ህንድ የቪዴሃ ንጉሥ የሆነው ጃናካ ጠቢቡን ያጅናቫልክያን ይጠይቀዋል። ነገሩ ጠዋትና ማታ በእሳት ላይ ስለሚቀርበው የወተት መሥዋዕት ነው።

«ወተት ባይኖር በምን ትሠዋለህ?»
«በሩዝና በገብስ።»
«እነርሱስ ባይኖሩ?»

እንዲህ እያለ ወደ ዱር ቅጠል፣ ወደ ዛፍ ፍሬ፣ ወደ ውኃ ይወርዳል።

«ውኃስ ባይኖር?»
«ያን ጊዜ ምንም የለም። ቢሆንም እውነት በእምነት ይሠዋል።»

ንጉሡ 100 ላም ሸለመው።

እሳቱን ለማን እንደሚያነዱና እኛ ለማን እንደምንሰግድ አላምታታም። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። መዝሙር 50ን በቃሉ የማይደግም ማን አለ? ዳዊት እኮ በግ አጥቶ አልነበረም፤ ንጉሥ ነው። ከቤርሳቤህ ጋር ለሠራው ኃጢአት የሚበቃ በግ ነው ያጣው። ስለዚህ «የእግዚአብሔር መሥዋዕት የተሰበረ መንፈስ ነው» አለ።

ታዲያ በቀደም በአንድ ደብር ንግሥ ላይ የስለት ሰጪው ስም ከሰጠው ገንዘብ ጋር በማይክ ሲጠራ፣ አንዲት እናት «ባዶ እጄን እንዴት ልግባ?» ብለው ከቅጽሩ ውጭ ቀሩ። ማን አስተማራቸው? እኛው! ለትልቁ ጃንጥላ እልል ብለን፣ በነጠላቸው ጫፍ ሳንቲም ቋጥረው የመጡትን ቀና ብለን ሳናይ። እማማ፣ ይግቡ። እንባዎን ይዘው ይግቡ። የተሰበረውን ልብ አይንቅም ተብሏል።

ይህን ሰምታችሁ ደስ ያላችሁ ግን አላችሁ። «ዋናው ልብ ነው» እያላችሁ ለነዳያን ዳቦ የምትሰስቱ። ጠቢቡ ወተት ሞልቶለት ወደ እውነት አልዘለለም፤ ውኃው እስኪያልቅ ወረደ። ዳዊትም መዝሙሩን በተሰበረ መንፈስ አልጨረሰም። የመጨረሻውን ቁጥር አንብቡት፤ በመሠዊያህ ላይ ፍሪዳ ይሠዋሉ ይላል። ፍሪዳ ያለህ ወንድሜ፣ አንተን ነው።