የወይን ጠጅ ክምችት፦ ብዙ ዓይነት ወይስ የአንዱን ብዙ?

ወይን ጠጅ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ምርጫ አለ። ባለው ገንዘብ 12 ዓይነት ወይን አንድ አንድ ጠርሙስ ይግዛ? ወይስ አንዱን መርጦ 12 ጠርሙስ ያስቀምጥ? መልሱ የክምችቱን መልክ ለብዙ ዓመታት ይወስናል።

ጥያቄው የሚነሳው ሲከርሙ ለሚሻሻሉ ወይኖች ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ይህን ማከማቸት ትርፉ ቦታ ማጣበብ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡት የፈረንሳዩ ቦርዶ አውራጃ ጥሩ ቀይ፣ ከኔቢዮሎ ወይን ፍሬ የሚሠራው የጣሊያኑ ባሮሎ፣ ነጩ የጀርመን ሪስሊንግና ምርጥ ዓመት የተጻፈበት ፖርት (ጠንከር ያለው የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን) የመሳሰሉት ናቸው።

ልማዱ ረጅም ታሪክ አለው። ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት በግብፁ ንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር የተቀመጡት የወይን ጋኖች ላይ ዓመቱ፣ የወይኑ እርሻና የጠማቂው ስም ተጽፎ ተገኝቷል። አንድ ሰብሳቢ ዛሬም መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ይህንኑ ነው።

በደንብ ተጽፎ የቆየልን የሮማውያን ነገር ነው። ጸሐፊው ፕሊኒ ሁለቱንም ወገን ያሳየናል። ዝነኛው ተሟጋች ሆርቴንሲየስ ሲሞት ከ10,000 ጋን በላይ የኪዮስ ደሴት ወይን ለወራሹ ተወ። ይህ ለብዛት የሚቆም ሰው ነው። ዩሊየስ ቄሣር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት ባደረገው ግብዣ ፋሌርኖ፣ የኪዮስ፣ የሌስቦስና ማሜርቲኖ አቀረበ። አራት ዓይነት ወይን በአንድ ማዕድ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው እንደነበር ፕሊኒ ይናገራል። ማቆየት ልክ እንዳለውም ከእሱ እንማራለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ121 ዓመቱ ወይን እጅግ የተመሰገነ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን ጎምዛዛ ማር መስሎ ነበር። ያን የመሰለ ወይን ጊዜው ሳያልፍ ያልተጠጣው ለምንድን ነው ብዬ ሁሌም አዝናለሁ።

በመካከለኛው ዘመን ወይን በበርሜል ስለሚቀመጥና ቶሎ ስለሚበላሽ የሚከማች ነገር አልነበረም።

ነገሩን የለወጡት ጠርሙስና ቡሽ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች በድንጋይ ከሰል እሳት ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ጀመሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሆዱ የተነፋው ጠርሙስ ቀስ በቀስ ወደ ቀጥ ያለ ቅርጽ ተለወጠ። በጎኑ ሲተኛ ቡሹ ስለማይደርቅ አየር አያስገባም። አንዱ ባንዱ ላይም ይደረደራል። የምድር ቤት ክምችት እውነተኛ ልደት ይህ ነው። በእንግሊዝ ባለጸጎች ዘንድ ልጅ ሲወለድ አንድ ትልቅ በርሜል ፖርት መግዛት ልማድ ሆነ። በርሜሉ 550 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በዛሬው ጠርሙስ ከ700 በላይ ነው። ወይኑ በጠርሙስ ተሞልቶ ይቀመጥና ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። ለአንድ ወይን እንዲህ መታመን ደስ ይላል።

በ1855 እ.ኤ.አ. የቦርዶ ወይኖች በደረጃ ተመደቡ። ሰብሳቢው የሚያሳድደው የስም ዝርዝር አገኘ። የለንደኑ አጫራች ድርጅት ክሪስቲስ በ1966 ራሱን የቻለ የወይን ክፍል ከከፈተ በኋላ ደግሞ የወይን ጨረታ ተስፋፋ። በጨረታ ላይ ያልተነካ ሙሉ ሳጥን ከተበታተኑ ጠርሙሶች የተሻለ ይፈለጋል። ለመሸጥ የሚሰበስብ ሰው ወደ ብዛት የሚያደላው ለዚህ ነው።

ለመጠጣት ለሚሰበስብም ብዛት ጠንካራ ምክንያት አለው። ወይን ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ይለወጣል። አንዱን በአምስተኛው ዓመት፣ ሌላውን በስምንተኛው፣ ሌላውን በአሥራ አምስተኛው የከፈተ ሰው ለውጡን በምላሱ ይከታተላል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ያለው ግን መቼ እንደሚከፍት ይጨነቃል፤ ሲፈራም ጊዜው ያልፋል። ሌላው ችግር ቡሽ ነው። ቲሲኤ የሚባለው ውሁድ ቡሹን ከያዘው ወይኑ የሻገተ ካርቶን ይሸታል። ያለህ አንድ ብቻ ከሆነ አለቀ። አንዳንድ ወይኖች በመካከል ለጥቂት ዓመታት "ይዘጋሉ"፣ ጣዕማቸውን ይደብቃሉ የሚባለው ግን አከራካሪ ነው።

ዓይነት የሚመረጥበት ምክንያትም ቀላል አይደለም። የሰው ጣዕም ይለወጣል። ዛሬ ከባድ ቀይ የሚወድ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ቀለል ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ያኔ 60 ጠርሙስ ከባድ ቀይ ሸክም ነው። ቦርዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ገና በርሜል ውስጥ እያለ ነው። ሳይቀምሱት ሳጥን ሙሉ መክፈል ድፍረት ይጠይቃል። በእኔ እምነት ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት በዓይነት ላይ ቢያውል ይጠቀማል። የሚወደውን ሳያውቅ ምን ያከማቻል?

ብዙዎች የሚይዙት መሃሉን ነው፦ ከአንድ ወይን ሦስት ወይም ስድስት። ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ ለመሞከር፣ አንዱ ጊዜው ሲደርስ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ ይሆናል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሌላ መንገድም አለ። አንድ አምራች በተከታታይ ዓመታት የሠራቸውን መሰብሰብ ነው፤ ወይም የአንድ ዓመት ምርትን ከተለያዩ አምራቾች። አንድ ነገር ሳይለወጥ ሌላው ስለሚለያይ ማወዳደር ይቻላል።

አቀማመጡ ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት፣ ጨለማ። ልዩነቱ መዝገብ ላይ ነው። 12 ተመሳሳይ ጠርሙስ በአንድ መስመር ያልቃል። 12 ዓይነት ግን ለየራሱ የተገዛበትን ቀን፣ መደርደሪያውንና የሚጠጣበትን ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ሲከፈትም የቀመሱትን በዚያው መስመር መጻፍ ነው፤ የቀሩት መቼ እንደሚከፈቱ የሚታወቀው ከዚያ ነው።