የ6ኛ ክፍል የቤት ሥራና የዓመቱ ማጠቃለያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግንቦት ሲገባ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት መመላለስ ያበዛሉ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ካርዱና ስለ ቤት ሥራው ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልጆች ቤት ውስጥ እንዲያደርጉ የሚታዘዙት ብዙ ነገር ከተሳሳተ ግምት የሚነሳ በመሆኑ፣ በክፍል ኃላፊነት ሥራዬ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አመለካከቶች ከእውነታው ጋር እዚህ ላይ አቀርባለሁ።

«ዋናው 8ኛ ክፍል ነው፤ 6ኛ ክፍል መሸጋገሪያ ብቻ ነው።»

ይህ አባባል ወላጆች ራሳቸው በተማሩበት ዘመን እውነት ነበር፤ በ1986ቱ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚያበቃው 8ኛ ክፍል ላይ ነበርና። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አድርጎታል። ስለዚህ 6ኛ ክፍል የአንድ እርከን መዝጊያ ሆኗል፤ በመጨረሻውም ክልላዊ ፈተና እንዲሰጥ ተደንግጓል። በ7ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ቀርቶ አጠቃላይ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት ራሳቸውን ችለው ስለሚመጡ፣ የንባብና የሒሳብ ክፍተቱን ሳይሞላ የተሸጋገረ ልጅ ችግሩ በአንድ ጊዜ በብዙ ትምህርቶች ላይ ይገለጥበታል።

«ስህተት የሌለበት የቤት ሥራ ደብተር የጎበዝ ተማሪ ምልክት ነው።»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። የቤት ሥራ ለመምህሩ የሚያሳየው ልጁ አጠገቡ ማንም ሳይኖር ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ለምሳሌ አንድ ሁለተኛን ከአንድ ሦስተኛ ጋር ደምሩ ሲባሉ ብዙ ልጆች ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ሁለት አምስተኛ ብለው ይጽፋሉ። መምህሩ ይህንን በሃያ ደብተር ላይ ካየ፣ በማግስቱ ታህቶችን እኩል የማድረግን ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው ያስተምራል። ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ ትክክለኛውን መልስ፣ አምስት ስድስተኛን፣ ጽፎለት ከሆነ ግን መምህሩ ሁሉም የገባቸው መስሎት ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል፤ ልጁም እስከ ሰኔው ፈተና ድረስ ያላወቀውን እንዳወቀ ተቆጥሮ ይቆያል። ከስልክ የተገለበጠ መልስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው የልጃቸውን ስህተት እንዳያጠፉብን ነው። መርዳት የሚፈልግ ሰው በሌላ ወረቀት ላይ ሌላ ምሳሌ ሠርቶ ያሳየው፤ በደብተሩ ላይ ያለው ግን የልጁ ብቻ ይሁን።

«እኔ ስላልተማርኩ ልጄን ማገዝ አልችልም።»

በሰኞ ገበያ ስትነግድ ከምትውል እናት፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ከሚሠራ አባት ይህንን ቃል መስማት በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማንበብ የማይችል ወላጅም ከሚያስፈልገው እገዛ አብዛኛውን መስጠት ይችላል። «ዛሬ የተማርሽውን እስኪ አስረጂኝ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው፤ ልጅቷ ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ ራሷ ያልገባትን ቦታ ታገኘዋለች። የመምህሩ ቀይ እርማት በደብተሩ ላይ መኖሩን ለማየትም ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን የቤት ሥራው ጀንበር ሳትጠልቅ እንዲሠራ፣ ውኃ መቅዳቱና ተላልኮ መምጣቱ ከዚያ በኋላ እንዲሆን ማመቻቸት ከማንኛውም ማስጠናት አያንስም።

«የቤት ሥራ በበዛ ቁጥር ልጁ ይጎብዛል።»

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ ከ1987 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ዝምድና ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ባሉት ተማሪዎች ላይ እንደሚጠነክርና ከዚያ በታች ባሉት ላይ ደካማ እንደሆነ አሳይተዋል። በመምህራን ዘንድ የታወቀው ልማዳዊ መለኪያ ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ የሚል ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ለ6ኛ ክፍል በቀን 60 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለሁሉም ትምህርቶች በአንድነት እንጂ ለእያንዳንዱ አይደለም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት መተኛት አለበት ማለት ነው። እስከ 5 ሰዓት ማስጠናት የነገውን ትምህርት ይሰርቀዋል።

«የቤት ሥራ የማይሠራ ልጅ ሰነፍ ነው።»

አንዳንዱ ሰንፎ ይሆናል። ሌላው ግን ትእዛዙን ማንበብ ያቃተው ነው። በ2018 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል የደረሱ ልጆች 1ኛ ክፍል የገቡት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ዘግይተው በተከፈቱበት በ2013 ሲሆን፣ በ2014 ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሲደርስ 2ኛ ክፍል ነበሩ። ፊደል ተለይቶ ንባብ የሚለምደው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት ጥያቄውን ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ ማድረግ ይገባል፤ ቃል በቃል እየቆጠረ የሚያነብ ከሆነ የሚያስፈልገው በየቀኑ ጥቂት ገጽ አብሮት የሚያነብ ሰው ነው፤ ቅጣት ምንም አይጨምርለትም።

«ለፈተና ማስታወሻውን ደጋግሞ ማንበብ ይበቃል።»

ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ያወቀ ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ደግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ሲገኙ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደብተር ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት በልጠዋል። ፈተናው ሳምንታት ቆይቶ ለሚመጣ ተማሪ የሚጠቅመው ሁለተኛው መንገድ ነው፦ ደብተሩን መዝጋት፣ የሚያስታውሱትን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ማመሳከር።

ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ስለሚናገረው ደረጃ ብዙ አልልም። ከክፍሉ 3ኛ መውጣት ልጁ ከማን እንደሚበልጥ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም፤ በካርዱ ላይ መታየት ያለበት የየትምህርቱ ውጤት ነው።

«ፈተና ካለቀ ትምህርት አለቀ።»

ከፈተናው በኋላም የሚቀሩ ጉዳዮች አሉ። ከትምህርት ቤቱ የተሰጡ መጻሕፍት ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ስለሚያስፈልጉ በወቅቱ መመለስ አለባቸው። ካርዱንም ወላጅ ራሱ ቀርቦ ቢወስድ ልጁ የደከመበትን ትምህርት ከመምህሩ አፍ ለመስማት ዕድል ያገኛል። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ልጅ ካለ መሸኛው መምህራን ለክረምት ሳይበተኑ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በተለይ በልደት ማስረጃውና በካርዱ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት መሆኑ አሁኑኑ ይታይ፤ ልዩነቱ ምዝገባ ላይ ሲገኝ ለማስተካከል ብዙ ያመላልሳልና። በረጅም ዕረፍት ቶሎ የሚረሳው በተለይ ሒሳብ እንደሆነ ጥናቶች ስለሚያሳዩም፣ በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሁለት ቀን ከ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ጥቂት ጥያቄዎችን መሥራት ይበቃል፤ መጽሐፉ የሚመለስ ከሆነ ጥያቄዎቹን ከወዲሁ በደብተር ገልብጦ ማስቀረት ይቻላል።