ብዙ የፓይዘን ስሪቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አዲስ ስሪት ሲጫን አሮጌው መጥፋት አለበት።»
ግዴታ አይደለም። የፓይዘን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስሪቶች 3.10፣ 3.11 እና 3.12 እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኢንተርፕሪተር (ኮዱን የሚያስኬድ ፕሮግራም) እና የራሳቸው የፓኬጅ (የተጨማሪ ኮድ ጥቅል) ማህደር ስላላቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ጎን ለጎን ይኖራሉ። (በነገራችን ላይ 3.10 የወጣው ከ3.9 በኋላ ነው፤ ቁጥሩ እንደ አስርዮሽ አይነበብም።)

«ከኡቡንቱ (ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ) ጋር የመጣውን ፓይዘን በአዲስ መተካት ጥሩ ማሻሻያ ነው።»
ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ነው። በኡቡንቱ 22.04 ውስጥ ያለው ፓይዘን 3.10 ስርዓተ ክወናው ራሱ የሚሠራበት ነው፤ አዲስ የሶፍትዌር ምንጭ የሚመዘግበው ትእዛዝም ሆነ፣ ተርሚናሉ ላይ ያልተጫነ ትእዛዝ ሲጻፍ «ይህን ጫን» ብሎ የሚጠቁመው መሣሪያ በፓይዘን የተጻፉ ናቸው። አንድ ሰው «ፓይዘን3» የሚለውን ስም ወደ 3.12 ቢያዞረው፣ እነዚህ መሣሪያዎች የሚፈልጉት የአፕት (የኡቡንቱ ሶፍትዌር መጫኛ) ሞጁል የተገነባው ለ3.10 በመሆኑ፣ ሞጁሉ አልተገኘም የሚል ስህተት እያወጡ ይቆማሉ። ነገሩን ለማስተካከል ተብሎ 3.10ን ማስወገድ ደግሞ የባሰ ነው፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ፓኬጆች፣ አንዳንዴም ዴስክቶፑ ጭምር፣ አብረው ይወገዳሉ። ኡቡንቱ የተመሠረተበት ዴቢያን በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ፒፕ (የፓይዘን ፓኬጅ መጫኛው) በስርዓቱ ፓይዘን ላይ ፓኬጅ እንዳይጭን የከለከለው እንዲህ ያለውን መፋለስ ለመከላከል ነው። ክልከላውን በአስገዳጅ አማራጭ ማለፍ ቢቻልም አልመክርም።

«ቬንቭ ካለ ሌላ አያስፈልግም።»
ከ3.3 ጀምሮ ከፓይዘን ጋር የሚመጣው ቬንቭ (ለአንድ ፕሮጀክት የተለየ የፓኬጅ ማህደር የሚፈጥር መሣሪያ) የሚነጥለው ፓኬጆችን እንጂ ስሪቶችን አይደለም። የቬንቩ ስሪት እርሱን ለመፍጠር ያገለገለው ስሪት ስለሆነ፣ በ3.10 የተፈጠረ ቬንቭ 3.12ን አያስኬድም።

«ፓይኤንቭ የኮምፒውተሩን ፓይዘን ይለውጣል።»
ፓይኤንቭ ብዙ የፓይዘን ስሪቶችን የሚጭንና የሚያፈራርቅ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚለውጠው ትእዛዞች የሚፈለጉበትን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ተርሚናሉ ትእዛዝ ሲጻፍለት ፓዝ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ማህደሮች በተራ ይፈትሻል፤ ፓይኤንቭ የራሱን ማህደር ከፊት ያሰልፍና፣ ፓይዘን ሲጠራ ካለንበት ማህደር ወደ ላይ እየወጣ የስሪት ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ፋይል ይፈልጋል። በአንዱ ፕሮጀክት 3.9፣ በሌላው 3.12 የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው።

«ስሪት ሲበዛ ኮምፒውተሩ ይዘገያል።»
ሥራ ላይ ያልዋለ ስሪት የሚይዘው የዲስክ ቦታ ብቻ ነው። ጊዜ የሚወስደው መጫኑ ነው፤ ፓይኤንቭ በሊኑክስ ላይ ፓይዘንን ከምንጭ ኮዱ ይገነባዋልና። የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) የመገንቢያ ፋይሎች አስቀድመው ካልተጫኑ ግንባታው ብዙ ደቂቃ ከፈጀ በኋላ በስህተት ይቋረጣል። ዩቪ የተባለው ሌላ መሣሪያ ግን ተገንብቶ ያለቀውን ስለሚያወርድ ይህ አያጋጥመውም።