ዩዩአይዲ ምንድን ነው?

ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ሁለት ዲስክ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ኤስዲኤ፣ ሌላው ኤስዲቢ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን የዲስኩ ቋሚ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ግን የወረፋ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ቀድሞ ያገኘውን ኤ፣ ቀጥሎ ያገኘውን ቢ እያለ ይሄዳል። ነገ ፍላሽ እንደተሰካ ብታስነሱት፣ ወይም አንዱ ዲስክ ትንሽ ዘግይቶ ቢመልስ፣ ትናንት ቢ የነበረው ሲ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ድሮ አይዲኢ በሚባለው የዲስክ ማገናኛ ኬብል ጊዜ ስሙ ከቦታው ጋር የታሰረ ነበር። አንድ ኬብል ሁለት ዲስክ ይይዛል፣ አንዱ ማስተር ሌላው ስሌቭ ይባላል። የመጀመሪያው ኬብል ማስተር ኤችዲኤ፣ ስሌቩ ኤችዲቢ፣ የሁለተኛው ኬብል ማስተር ደግሞ ኤችዲቢ ኖረም አልኖረም ኤችዲሲ ነው።

ዩዩአይዲ ይህንን የወረፋ ጣጣ ይገላግላችኋል። 128 ቢት የሆነ መለያ ቁጥር ነው፤ ሲጻፍ 32 ፊደልና አሃዝ፣ መሃል መሃሉ ላይ አራት ሰረዝ። ፓርቲሽኑን፣ ማለትም የዲስኩን ክፍልፋይ፣ ፎርማት ስታደርጉ ይፈጠርና ፋይሎቹ በሚደራጁበት ሥርዓት፣ እዚያው ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ዲስኩን ነቅላችሁ የትም ብትሰኩት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ቢሆን፣ አብሮት ይሄዳል። እንደገና ፎርማት ካደረጋችሁት ግን አዲስ ይወጣለታል። ፋት 32 በሚባለው የፋይል ሲስተም ዓይነት የተሠራ ፍላሽ አጭር ቁጥር ነው ያለው፣ ስምንት ብቻ።

ቁም ነገሩ ያለው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ላይ ነው። ሲስተሙ ሲነሳ የትኛው ፓርቲሽን የት ፎልደር ላይ እንደሚከፈት የሚያነበው ከዚያ ነው። እዚያ «ኤስዲቢ 1» (የኤስዲቢ የመጀመሪያ ፓርቲሽን) ብላችሁ ከጻፋችሁና ወረፋው ከተቀያየረ፣ ወይ ሲስተሙ ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠብቆ ሲያጣው ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ፣ ማለትም ለጥገና ብቻ ወደሚሆን ሁኔታ፣ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ይባስ ብሎ ሌላ ዲስክ ይከፍትና ባክአፓችሁ የማይሆን ቦታ ላይ ይጻፋል። ይሄኛው ነው የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ምንም ኤረር አታዩም። በቦታው ዩዩአይዲውን ጻፉ። ቁጥሩን ለማየት ተርሚናል ላይ ቢኤልኬአይዲ የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ማስኬድ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ዲስኩን ዲዲ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ክሎን ካደረጋችሁት ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ስትሰኩ ሲስተሙ የትኛውን እንደሚከፍት እርግጠኛ መሆን አትችሉም። ፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጭራሽ ሁለተኛውን አልከፍትም ይላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ከመክፈታችሁ በፊት ለኮፒው አዲስ ዩዩአይዲ ስጡት።