የላቲን የስም ርባታ ምንድን ነው?

ላቲን የጀመረ ሰው ቶሎ ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ሉፑስ» ማለት ተኩላ ነው ብሎ ያጠናል። ገጹን ሲገልጥ «ሉፑም» ሆኖ ይመጣበታል፤ ዝቅ ሲል «ሉፒ»፣ «ሉፖ»። ተኩላው ያው ተኩላ ነው። የተለወጠው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘው ሥራ ነው። ስም እንደ ሥራው መጨረሻውን ሲለዋውጥ ረባ ይባላል። ግስ ማርባትማ ለእኛ አዲስ አይደለም። በላቲን ግን ስምም ቅጽልም ይረባል።

ነገሩ የሚመስለውን ያህል ባዕድ አይደለም። «ውሻ ሰውየውን ነከሰ» አልን «ሰውየውን ውሻ ነከሰ»፣ የተነከሰው ያው ሰውየው ነው፤ «ን» አለቻ! ላቲንም እንዲሁ ነው። «ካኒስ ዊሩም ሞርዴት» ውሻ ሰው ይነክሳል ማለት ነው። «ዊሩም ካኒስ ሞርዴት» ብላችሁ ብትገለብጡትም ነካሹ ውሻው ነው። ሰውየው እንዲነክስ ከፈለጋችሁ መጨረሻቸውን ቀይሩ፦ «ዊር ካኔም ሞርዴት»። ግዕዝ የተማረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል፤ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ሐነጸ ቤተ» እያለ ነው ያደገው።

ዋናዎቹ ሥራዎች 6 ናቸው። «ሉፑስ» ባለቤት ነው፣ «ሉፑም» ተሳቢ፣ «ሉፒ» የተኩላ፣ «ሉፖ» ለተኩላ። ከተኩላ ለማለትም ያው «ሉፖ» ነው፣ ከፊቱ መስተዋድድ ተጨምሮበት። ተኩላውን ለመጥራት ደግሞ «ሉፔ!» ይባላል። እኛ «የ»ን እና «ለ»ን ከፊት እንለጥፋለን፣ እነሱ ሥራውን ለቃሉ ጫፍ ሰጡት። ከነዚህ ጫፎች አንዱ እኛም ዘንድ ደርሷል። «ኦምኒስ» ሁሉ ማለት ነው፣ «ኦምኒቡስ» ደግሞ ለሁሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች በፈረስ የሚጎተተውን የሕዝብ ማመላለሻ «ኦምኒቡስ» አሉት። ቆይቶ ፊቱ ተቆረጠና «ቡስ» ብቻ ቀረ። አውቶቡስ ስንሳፈር እንግዲህ የላቲን ርባታ ጭራ ላይ ነው የምንሳፈረው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የእኛ «ን» ለሁሉም ስም አንድ ናት፤ የላቲን ስሞች ግን በ5 ምድብ ተከፍለው ነው የሚረቡት። «ሉፑስ»፣ «ማኑስ» (እጅ) እና «ቴምፑስ» (ጊዜ) ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። «የ» ሲጨመርባቸው ግን የመጀመሪያው «ሉፒ»፣ የመጨረሻው «ቴምፖሪስ» ይሆናል፤ «ማኑስ» ደግሞ ድምፁን አስረዝሞ እዚያው ይቀራል። መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ስም በሁለት መልክ የሚሰጠው ለዚህ ነው፦ «ሬክስ፣ ሬጊስ»፣ ንጉሥ፣ የንጉሥ። ሁለተኛውን ዘላችሁ አታጥኑ። ምድቡን የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ «ኢስ»ን ስትቆርጡለት የሚተርፈው «ሬግ» ደግሞ ሌሎቹ ጭራዎች የሚቀጠሉበት ግንድ ነው።

ይህም ሆኖ አንዱ ጭራ ሦስት ሥራ ደርቦ ይገኛል። «ፑኤላይ» የልጅቷ ሊሆን ይችላል፣ ለልጅቷም፣ ልጃገረዶችም። እንዲህ ሲሆን ግሱን ቀድሞ ማየት ነው። «ፑኤላይ ሮሳም ዳት» ካለ፣ ግሱ በ«ት» ብቻ ስላለቀ ሰጪው አንድ ሰው ነው። ልጃገረዶች ሰጪ መሆናቸው ቀረ፤ ለልጅቷ ጽጌረዳ ይሰጣል ብላችሁ ታነባላችሁ። «ዳንት» ካለ ግን ሰጪዎቹ ብዙ ናቸው፣ ጽጌረዳውን የሚሰጡት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።