«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»፦ ፍርሃቱን የረሳነው ተረት

ባለፈው ሰሞን ታሪክ ከሚያስተምር ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ስለ ኮንትሮባንድ ስናወራ ነበር። ስለ ዛሬው አይደለም። እንግሊዝ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ የባሕር ንግድ ላይ ስላወጣቻቸው ሕጎች ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ወዳጄ የ1660ውን ሕግ አነሳ። ስኳር፣ ትምባሆና ጥጥ ከቅኝ ግዛት ሲወጣ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ራሷ ግዛቶች ብቻ ይሂድ ይላል። መርከቡ የእንግሊዝ ይሁን፣ ከመርከበኞቹም ሦስት አራተኛው እንግሊዛዊ ይሁን ይላል። ይህን የጣሰ መርከቡም ጭነቱም ይወረስበታል። የተወረሰውም ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ እጅ ለንጉሡ፣ አንዱ ለአገረ ገዢው፣ አንዱ ለጠቆመው ወይም ለያዘው። ክሱም በአብዛኛው የሚመሠረተው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን በመርከቡና በጭነቱ ላይ ነው።

ወዳጄ እዚህ ጋ ሲደርስ ሳቀና «በቃ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነዋ!» አለ።

አልተዋጠልኝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ሲከነክነኝ አደረ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቶቼ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል እህል ለገበያ ይጫናል። አህያ መጫን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይቆምና ጆንያውን እኩል ያነሱታል። መጫኛው በሆዱ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ መንገድ ላይ መገልበጡ አይቀርም። አያቴ አንድ አመለኛ አህያ ነበራቸው። ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያስተኛ ሰው ሁሉ ከኋላው ዞር ይላል።

አንድ ቀን ሲጭን የነበረውን ልጅ ጭኑ ላይ ረገጠው። ልጁ በንዴት ዱላ አንስቶ ቀረበ። አህያው ጆሮውን አስተኛ። ልጁ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና ያንን ዱላ ጆንያው ላይ አሳረፈው። ጆንያው አርጅቶ ስለነበር ተቀደደ፤ ጤፉ መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ። አያቴ አልተቆጡም። «ምነው ልጄ፣ ጤፉ ምን አደረገህ?» ብቻ አሉት። ሴት አያቴ ያን ቀን እስከ ማታ ሰፌዳቸውን ይዘው ጤፍና አፈር ሲለዩ ዋሉ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ተረቱን ያን ቀን ገባኝ እላለሁ።

መነሻው ግን ኬላ ነው ብዬ አምናለሁ። የራሱን እህል የሚደበድብ ገበሬ የለም። የሰው ጭነት ላይ እጁን የሚያሳርፈው ኬላ ጠባቂ ነው። ሲራራ ነጋዴ አህያና በቅሎ እየነዳ ሲመጣ፣ ቀረጥ ሳይከፍል እንዳያልፍ የሚፈትሽ እሱ ነው። አህያው የትልቅ ሰው ከሆነ ማን ይደፍረዋል? ዳውላው ግን አይራገጥም፣ አቤት አይልም። ተረቱን ደግሞ አስተውሉት፣ ግስ የለውም። ዳውላውን ምን አደረገው? እኛ «መታው» ብለን እንሞላዋለን። እኔ ግን መጀመሪያ «ወረሰው» የነበረ ይመስለኛል።

ታዲያ ወዳጄ ለምን ተሳሳተ? ያ ሕግ መርከቡን የያዘው ባለቤቱን ፈርቶ ስላልሆነ ነው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ መርከቡ ግን ወደቡ ላይ ቆሟል። ጭነቱም ይሸጣል፣ ሦስተኛውም እጅ ይገኛል። ይህ ስሌት ነው። ከ1696ቱ ሕግ ወዲህ ጉዳዩን የሚያዩት የቅኝ ግዛቶቹ የባሕር ፍርድ ቤቶች ደግሞ ያለ ሸንጎ (ከሕዝቡ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች ሳይኖሩ) የሚፈርዱ ነበሩ፤ የአገሬው ሸንጎ ለነጋዴው ያደላል ተብሎ። በ1764ቱ የስኳር ሕግ ጭራሽ ንጽሕናውን የማስረዳቱ ሸክም በባለንብረቱ ላይ ወደቀ።

ፍርሃቱን ከፈለጋችሁ 1768 ቦስተን ሂዱ። የነጋዴው የጆን ሃንኮክ መርከብ ሊበርቲ የማዴይራ ወይን ይዛ ገባች፤ ለጉምሩክ የተነገረው 25 በርሜል ነው። በኋላ ያለ ፈቃድ የዓሣ ነባሪ ዘይትና ሬንጅ ጭናለች ተብላ ሰኔ 10 ተያዘች። ሮምኒ የተባለው ባለ 50 መድፍ የእንግሊዝ የጦር መርከብ አጠገቡ አስጠጋት። ሕዝቡ ገነፈለ። የጉምሩክ ሹሞቹን በድንጋይ አባረረ። ሮምኒን ግን ማን ይጠጋዋል? ሄደው የቀረጥ ሰብሳቢውን የመዝናኛ ጀልባ ከውኃ አወጡ፣ እየጎተቱ እስከ ከተማው ሜዳ ወሰዱ፣ አቃጠሉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! መድፉ ጆሮውን አስተኝቶ ቆሟል፤ ዱላው ያረፈው ምንም በማያውቀው ጀልባ ላይ ነው።

ሕጉማ አህያውንም አልፈራም። በዚያው ዓመት ሃንኮክን ራሱን ከሶ 9,000 ፓውንድ ጠየቀው፤ ክሱ በመጋቢት 1769 ተቋረጠ እንጂ። ሊበርቲም ተወርሳ የጉምሩክ ጠባቂ መርከብ ሆነች። በ1769 ክረምት ኒውፖርት በተባለች ሌላ የወደብ ከተማ ሕዝቡ ራሷን ሊበርቲን አቃጠላት። እዚያ ላይ ዳውላ የለም፤ ያኔ አህያውን ነው የመቱት።

ዛሬ ግን ተረቱን ያለ ፍርሃቱ እንጠራዋለን። አሰልጣኙ መቀየር ያልነበረበትን ተጫዋች ሲቀይር «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በስህተት ለሌላ ክፍል ስትልክ እንደዚያው። እባካችሁ፣ ያ ስህተት ነው፤ ስህተት በሉት። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ፌርማታ ሲያሳልፈው ፊቱን አይቶ ዝም ያለ፣ ወርዶ ግን ረዳቱን የሰደበ ሰው ካገኛችሁ፣ ተረቱ የእሱ ነው። ወዳጄንም በሚቀጥለው ሳምንት አገኘዋለሁ። የጀልባውን ነገር ነው መጀመሪያ የምነግረው።